የዴንማርኮቹ ጣሪያ በእኛ ዘመን ወደቀ፤ ሦስተኛ የድጋፍ ጥሪ

ውድ ወገኖቻችን፤

ይህ ሦስተኛው ደብዳቤያችን ነው። ሁለቱን አንብባችሁ የሰጣችሁ፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። አንብባችሁ ዝም ያላችሁትንም አልተቀየምናችሁም። ግን መጻፋችንን አንተውም። የዴንማርክ ስደተኞች የሠሩት የቤተ ክርስቲያናችን ጣሪያ ከወደቀ ወራት አልፈዋል፤ አሁንም የምንቀድሰው ምድር ቤት ነው።

እርጥብ በረዶ ነው የጣለው፣ ያውም በሌሊት። ሰው አልነበረም፣ ተመስገን። ትንሿ መርከብም ተርፋለች። ዴንማርኮች ባሕር ያሳደጋቸው ሕዝብ ናቸው፤ በቤተ ክርስቲያናቸው ጣሪያ ሥር የመርከብ ምስል የመስቀል ልማድ አላቸው። ሕንፃውን ስንገዛ ከመሥራቾቹ ዘር የሆኑ አንዲት አረጋዊት «እሷን ብቻ አታውርዷት» ብለው ለመኑን። አላወረድናትም። ልጆቻችን የኖኅ መርከብ ይሏታል። አሁን ሸራዋ ሻግቷል።

በሁለቱ ደብዳቤዎች ያወራነው ስለ ገንዘብ ብቻ ነበር። ምናልባት ጥፋታችን እሱ ይሆናል። ዛሬ እኚያ እናት የነገሩንን እናካፍላችሁ። ዓመቶቹና ቀኖቹ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ቅድመ አያታቸው ከደቡብ ዩትላንድ የመጡ ገበሬ ነበሩ። ዴንማርክ በ1864 በጦርነት ተሸንፋ እሳቸው የመጡበትን ሽሌስቪግን አጣች። ለአሸናፊዋ የጀርመን መንግሥት፣ ለፕሩሺያ፣ ንጉሥ ወታደር አልሆንም ያለ ብዙ ወጣት ስደትን መረጠ። እሳቸውም ሚስታቸውንና አንድ ሕፃን ይዘው በ1870ዎቹ መጀመሪያ አሜሪካ፣ ነብራስካ ገቡ። የ1862ቱ የሆምስቴድ ሕግ ለአንድ አባወራ 160 ኤከር ይሰጥ ነበር፤ በእኛ ልክ አንድ ጋሻ ተኩል ያህል ነው። ጠቅላላ ክፍያው 18 ዶላር። ግዴታውም ቤት መሥራት፣ ማረስ፣ አምስት ዓመት መኖርና ዜጋ ለመሆን ማመልከት ነው። መሬቱ ባዶ አልነበረም። የአገሩ ነባር ሕዝብ የሆኑት ፓውኒዎች የተገፉበት መሬት ነው። ይህንንም ያነሡት እኚያ እናት ናቸው እንጂ እኛ አልጠየቅናቸውም።

አገሩ ሜዳ ነው፣ እንጨት የለም። ስለዚህ ሣሩን ከነሥሩና ከነአፈሩ በማረሻ እየቆረጡ እንደ ጡብ ደረደሩት። ግድግዳው ክንድ ተኩል ይወፍራል። በብርድ ይሞቃል፣ በሙቀት ይቀዘቅዛል። ችግሩ ጣሪያው ነው። እሱም ሣርና አፈር ስለሆነ ያፈሳል። ውጭ ካባራ በኋላ ቤት ውስጥ ሁለት ቀን ይዘንባል። ቅድመ አያትየዋ በአንድ እጃቸው ጃንጥላ ይዘው በሌላው ሾርባ ያማስሉ ነበር አሉ። ኮርኒሱ የተወጠረ አቡጀዲ ነው። አፈርም እባብም ምግብ ላይ እንዳይወድቅ።

የሚነደው ኩበት ነው። ኩበት ሲጠፋ ድርቆሽ እየገመዱ ያነዳሉ። ቡና መግዣ ሲያጡ ደግሞ ገብስ ቆልተው ያፈላሉ። ይህን ስትሰማ አንዷ የኮሚቴ አባላችን ዓይኗ እንባ አቀረረ። ለሴትዮዋ ይሁን ለቡናው አላወቅንም።

በ1874 አንበጣ መጣ። ስለ አንበጣ ለእናንተ መንገር አያስፈልግም። አትክልቱን ለማዳን ብርድ ልብስ ቢያለብሱት ብርድ ልብሱንም በላው። ብዙ ጎረቤት ጋሪውን ጭኖ ወደ ምሥራቅ ተመለሰ። እነሱ ግን መመለሻም ስላልነበራቸው ቀሩ። በቅቤና በእንቁላል ሽያጭ ነው የተረፉት። ከዚያ ደግሞ ጥር 12 ቀን 1888 መጣ። ጧት ሞቅ ያለ ቀን ነበር፤ ልጆች ካፖርታቸውን ጥለው ትምህርት ቤት ሄዱ። ከቀትር በኋላ አውሎ በረዶው በአንድ ጊዜ ወረደ። በሜዳው ላይ ከ200 በላይ ሰው እንደሞተ ይነገራል፤ ከትምህርት ቤት ወደ ቤት ሲመለሱ የቀሩ ልጆች ብዙ ናቸው። ከእነሱም ቤት አንድ ልጅ አልተመለሰም። እናታችን እዚህ ላይ ሲደርሱ ዝም አሉ። እኛም አልጠየቅንም።

እንግዲህ ይህን ሕንፃ የሠሩት እነዚህ ሰዎች ናቸው። ሲሠሩት ግማሾቹ ገና ከሣር ቤት አልወጡም ነበር። ሳንቃው በባቡር መጣ። ሴቶቹ ካልሲ እየሠሩ፣ ቅቤ እየሸጡ ምስማሩን ገዙ። የማያፈስ ጣሪያ መጀመሪያ የሠሩት ለእግዚአብሔር ቤት ነው፤ የራሳቸው ከዚያ በኋላ መጣ። ነቢዩ ሐጌ ቤቴ ፈርሶ ሳለ እናንተ ባማረ ቤት ትቀመጣላችሁን ብሎ የወቀሰው እነሱን አልነበረም። ማንን እንደሆነ እያንዳንዳችን እናውቃለን፤ የኮሚቴው አባላት ጭምር።

ፍጹማን ነበሩ አንልም። በ1894 የዴንማርኮቹ ሉተራን ቤተ ክርስቲያን ለሁለት ተከፈለ። ጭፈራና መዝሙር ከእምነት አይጣላም የሚሉት በአንድ ወገን፣ ንስሐ ይቅደም የሚሉት በሌላ። ሰው «ደስተኞቹ» እና «ቅዱሶቹ» ይላቸው ነበር። ስለ ቤተ ክርስቲያን መከፋፈል ለእኛ መንገር ለቀባሪ ማርዳት ነው። ቋንቋቸውም ቢሆን ተፈትኗል። በ1919 ነብራስካ ስምንተኛ ክፍልን ላላለፈ ልጅ የውጭ ቋንቋ ማስተማርን በሕግ ከለከለች። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የሻረው በ1923 ነው። እኛ ቅዳሜ ቅዳሜ ፊደል የምናስቆጥረው በዚሁ ምድር ቤት ነው፤ የሚከለክለን የለም። የሚከለክለን የሚያንጠባጥበው ውሃ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ሒሳቡ። «ገንዘቡ የት ገባ?» የሚል ጥያቄ በየቡናው እንደሚነሣ ሰምተናል። መጠየቅ መብታችሁ ነው። የሕንፃውን ዕዳ ከፍለን ጨርሰናል፤ ይህን የሠራው በሥጋ ፋብሪካ በሌሊት ፈረቃ የሚቆም እጅ ነው። «ጣሪያው ቀድሞ ለምን አልታደሰም?» ለምትሉን፣ ማሞቂያው ጥር መሐል ላይ ሞተ። ሕፃን ክርስትና እያነሣን ትንፋሻችን ይታይ ነበር። ማሞቂያውን ለወጥን። ዛሬም ቢሆን የምንመርጠው ያንኑ ነው። ኢንሹራንሱ ደግሞ ጣሪያው አርጅቷል ብሎ ዋጋውን ቀነሰብን። ተከራከርን፤ ደከመን።

ጣሪያው የተጠየቀበት 92,000 ዶላር ነው። ከኢንሹራንስ 24,000 አገኘን። እናንተ 19,500 ሰጣችሁ። የቀረው 48,500 ነው። ደረሰኙ ሁሉ ፋይል ውስጥ አለ፤ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ መጥቶ ማየት ይቻላል። እስካሁን ሊያይ የመጣው አንድ ሰው ነው። እሱም ዓይቶ 200 ዶላር ጨመረ።

አይቻልም የምትሉ ካላችሁ፣ አዮዋ ውስጥ ኤልክ ሆርን የምትባል የዴንማርኮች ትንሽ ከተማ አለች። በ1848 ዴንማርክ ውስጥ የተሠራ የነፋስ ወፍጮ ፈትታ፣ በመርከብ አስጭና፣ በ1976 ወደ አገሯ አመጣች። የከተማው ሰው ገንዘቡን አዋጥቶ፣ በበጎ ፈቃድ ገጣጥሞ አቆመው። እኛ የምንለምነው የአንድ ጣሪያ ነው።

ስለት ያለባችሁ አሁን አድርሱት። 20 ዶላርም ገንዘብ ነው። በዜል የምትልኩ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አካውንት እንጂ ወደ ማንም ግለሰብ ስልክ አትላኩ። ማስታወሻው ላይ «ጣሪያ» ብላችሁ ጻፉ። ቼክ የምትጽፉ በቤተ ክርስቲያኑ ስም ይሁን፤ ከታች «ጣሪያ»። ጥሬ ገንዘብ የምታመጡ ለገንዘብ ያዧ ብቻ ስጡ፤ ደረሰኝ ሳትቀበሉ አትሂዱ።

ባለፈው አሥራ አንድ ሰው ሳይጽፍ ልኮ ገንዘቡ አሥራት ሒሳብ ውስጥ ገባ። ለማስተካከል ሦስት ሳምንት ፈጀብን። በድጋሚ፦ የቤተ ክርስቲያኑ አካውንት፣ ማስታወሻው ላይ «ጣሪያ»። ከመጀመሪያው በረዶ በፊት።

የሕንፃ ኮሚቴው