ከምዝገባው ጠረጴዛ አጠገብ 6 ሜትር ይለካልን

ለማዕከላዊ ጎንደር ዞን ትምህርት መምሪያ እና ጤና መምሪያ፤
ጎንደር

ጤና ይስጥልኝ። ደምቢያ ገጠር ውስጥ የማስተምር መምህር ነኝ። የምጽፍላችሁ መጀመሪያ ራሴን ከስሼ ነው።

አምና 4ኛ ክፍል አንዲት ተማሪ ነበረችኝ። ሰሌዳ ላይ የጻፍኩትን ትታ ከጎረቤቷ ደብተር ትገለብጣለች። ኮራጅ አልኳት። ለብቻዋ ትሁን ብዬ መጨረሻ ዴስክ ላይ አስቀመጥኳት። እዚያ ጭራሽ ደብተሯ ባዶ ሆነ። አንድ ቀን ሒሳብ እንድትሠራ ስጠራት አፍንጫዋ ሰሌዳውን ሊነካ እስኪደርስ ተጠግታ አነበበች። ያኔ ነው የገባኝ።

እናቷን ባነጋግር፣ «ኧረ መምህር፣ መርፌ ላይ ክር የምታስገባልኝ እሷ ናት!» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። የሩቁ የሚደበዝዝበት ልጅ የቅርቡን አጥርቶ ያያል። ቤተሰብ የማይነቃው ለዚህ ነው። ልጅቷም ብትሆን ሰው ሁሉ እንደ እሷ የሚያይ ይመስላታል።

ስለ ዓይን ሲነሳ እኛ ዘንድ ቶሎ የሚታወሰው ትራኮማ ነው። አይፈረድም፤ በ1998 ዓ.ም. በተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት በክልላችን ከ1 እስከ 9 ዓመት ካሉ ሕፃናት ከግማሽ በላይ ተገኝቶባቸዋል። መድኃኒቱ በዘመቻ ይታደላል፣ ፊት መታጠብንም እናስተምራለን። የእሷ ዓይን ግን አይቀላም፣ ዓይናርም የለውም። ኪኒን የሚፈታው አይመስለኝም። መነጽር ነው የቸገራት።

ጥያቄዬ ትንሽ ናት። በየዓመቱ መስከረም፣ ምዝገባ ላይ፣ የተማሪው እይታ ይፈተሽ። ሐኪም አይጠይቅም። የእንግሊዝኛዋ «ኢ» ፊደል ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ ወደ ጎን እየዞረች የተጻፈችበትን ወረቀት ግድግዳ ላይ መለጠፍ፣ 6 ሜትር መለካት፣ አንድ ዓይን መሸፈን። ልጁ እግሮቿ ወዴት እንደዞሩ በእጁ ያሳያል። ሀሁ ያልቆጠረም ይችለዋል። ያቃተውን መምህሩ ይመዘግባል።

ከዚያስ? እዚሁ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የዓይን እይታ ባለሙያዎችን ያሠለጥናል። ወረዳው ድረስ የሚመጡበትን ቀን አመቻቹልን። አባት በአጨዳ ሰሞን ሥራውን ጥሎ ለመነጽር ከተማ ይመላለስ ማለት ዘበት ነው።

ጓደኞቿ «አራት ዓይና» ይሏት ይሆናል። ይበሏት! ጎንደር ላይ አራት ዓይና የሚባለው አራቱን የመጻሕፍት ትርጓሜ ጉባኤ የዘለቀ የቤተ ክህነት ሊቅ ነው።

ልጅቷን ዘንድሮ ፊተኛው ዴስክ ላይ አስቀምጠናታል። ከዚያም ሆና ዓይኗን ጨፈን አድርጋ ነው ሰሌዳውን የምታየው።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የደምቢያ መምህር