አድርሳችሁ አትመለሱ፦ ለሰንበት ትምህርት ቤታችን ወላጆች

ውድ ወላጆች፣

ሰላም ለእናንተ ይሁን። እንደምን ከረማችሁ?

በየዓመቱ ትምህርት ሊጀመር ሲል የምልክላችሁ ደብዳቤ አጭር ነበር። የመጀመሪያው ቀን መቼ እንደሆነ፣ ልጆች ምን ይዘው እንደሚመጡ፣ በቃ። የዘንድሮው ትንሽ ይረዝምባችኋል። ያስረዘመችው ባለፈው ዓመት መዝጊያ ላይ በር ላይ ቆሜ የሰማኋት አጭር ወሬ ናት።

ትምህርት አልቆ ልጆች እየወጡ ነበር። ሰባት ዓመት ገደማ የሚሆነው አንድ ልጅ እየሮጠ ወደ መኪና ሄደ። አባቱ ሰዓቱን ሙሉ እዚያው ቁጭ ብሎ ስልኩን ሲነካካ ነው የቆየው።

«ዛሬ ምን ተማራችሁ?» አለው፣ ቀና ሳይል።

«ስለ ሁለት ወንድማማቾች።»

«የትኞቹ?»

ልጁ ቆም አለ። «አንዱ ፀጉራም የሆነው።»

አባት ዝም። ልጁ ትንሽ ጠበቀና፣ «አባዬ፣ አንተ የምትማረው መቼ ነው?» አለው።

አባትየው ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ቤቴ ከገባሁ በኋላ ግን ጥያቄዋ አልለቅ አለችኝ። እውነቱን ለመናገር፣ ልጁ ሊጠይቅ የሚገባው አባቱን ሳይሆን እኔን ነበር። ለአባቱ ክፍል አዘጋጅቼ አላውቅማ!

እንግዲህ መልሱ ይኸው። ከዘንድሮ ጀምሮ ከአምልኮ በፊት ያለችው አንድ ሰዓት የሁሉም ናት። ልጆች በክፍላቸው፣ ወጣቶች በክፍላቸው፣ እናንተም በክፍላችሁ። አያቶችም ቦታ አላቸው።

«ሰንበት ትምህርት ቤት የልጆች አይደል እንዴ?» የሚል እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ይህ ሐሳብ የመጣበት መንገድ አለው። እ.ኤ.አ. በ1780 በእንግሊዝ አገር በግሎስተር ከተማ ሮበርት ሬይክስ የተባለ የጋዜጣ አሳታሚ፣ ሳምንቱን ሙሉ ሥራ ላይ ለሚውሉ ድሃ ልጆች የእሑድ ትምህርት አስጀመረ። ነፃ የሚሆኑት እሑድ ብቻ ነበር። መጀመሪያ የተማሩትም ፊደል መለየትና ማንበብ ነው። እንቅስቃሴው በየአገሩ ሲስፋፋ የልጆች የሚለው ስም አብሮት ሄደ። በዌልስ ግን ነገሩ ሌላ መልክ ያዘ። እዚያ አዋቂዎችም ገብተው ከልጆች እኩል ተማሩ። የሰንበት ትምህርት ቤት እዚያ የቤተሰብ ሁሉ ሆነ።

ወደ ኋላ ከሄድን ደግሞ ነገሩ ጭራሽ ይገለበጣል። በመጀመሪያዎቹ መቶ ዘመናት ተማሪ የሚባለው በዋናነት አዋቂ ነበር። ንኡሰ ክርስቲያን የምንላቸው፣ ለመጠመቅ የሚዘጋጁት ሰዎች፣ ለረጅም ጊዜ ይማሩ ነበር። በ4ኛው መቶ ዘመን የኢየሩሳሌም ጳጳስ የነበረው ቄርሎስ ለእነዚህ ተማሪዎች ሲናገር ትምህርቱን ከሕንፃ ጋር ያመሳስለዋል። ድንጋዮቹ በተራ በተራ ካልተያያዙ ሕንፃው ያፈስሳል፣ ይበሰብሳል፤ ስለዚህ አንዷንም ቀን አትቅሩ ይላቸዋል። በዓመት ሦስት ጊዜ ብቅ የምትሉ ወላጆች፣ ይህን እኔ አላልኩም። ቄርሎስ ነው ያለው።

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ ልምጣ። እኛ ልጆቻችሁን የምናገኛቸው በሳምንት አንድ ሰዓት ነው። የቀረው ሁሉ የእናንተ ነው። ዘዳግም ምዕራፍ 6ን ገልጣችሁ እዩልኝ። ቃሉን ለልጆችህ አስተምረው ካለ በኋላ ቤት ስትቀመጥ፣ መንገድ ስትሄድ፣ ስትተኛና ስትነሣ ምን አድርገው ይላል? በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ቃሉ «ተጫወተው» ነው። ይህን ቃል እወደዋለሁ። ስበክበት አላለም። ገሥጽበትም አላለም። ቡና ላይ እንደምንጫወተው፣ መንገድ ላይ እንደምንጫወተው፣ ተጫወተው ነው ያለው። ግን ሰው የማያውቀውን ነገር እንዴት ይጫወተዋል? የአዋቂዎችን ክፍል የከፈትነው ለዚህ ነው።

የቤተ ክርስቲያን አባት ዮሐንስ አፈወርቅ ከ1,600 ዓመት በፊት ለወላጆች የሰጠው ምክር አለ። ራት ላይ ለልጃችሁ የቃየንንና የአቤልን ታሪክ ንገሩት ይላል። ሌላ ቀን ድገሙለት። ከዚያ እሱ ራሱ ይንገራችሁ። ሲለምደው ሁለተኛ ታሪክ ጨምሩለት፣ የያዕቆብንና የዔሳውን። ቀጥሎ ያለው ነው የሚያስቀኝ። አንድ ምሽት «እስቲ የእነዚያን ሁለት ወንድማማቾች ታሪክ ንገረኝ» በሉት ይላል። ልጁ ቃየን ብሎ ሲጀምር ታስቆሙታላችሁ። «እነሱን አይደለም፤ አባታቸው የባረካቸውን ሌሎቹን ነው።» ፍንጭ ትሰጣላችሁ፣ ስም ግን አትነግሩም። ልጁ ራሱ ያግኘው። በኋላ ቤተ ክርስቲያን ይዛችሁት ስትመጡና ታሪኩ ሲነበብ ሲሰማ፣ «እኔ እኮ አውቀዋለሁ!» ብሎ ይፈነድቃል።

ያ መኪና ውስጥ የነበረው አባት ይህን ጨዋታ ሳያውቀው ነበር የጀመረው። «የትኞቹ?» ማለቱ ትክክለኛ ጥያቄ ነው። የጎደለው ፍንጩ ብቻ ነበር።

ስለ ክፍሎቹ ደግሞ። ከ3 እስከ 5 ዓመት ያሉት አንድን ታሪክ አራት ሳምንት ይማራሉ። «አራት ሳምንት ሙሉ ኖኅ?» ትሉ ይሆናል። አዎ። መጀመሪያ ይሰማሉ፣ ቀጥሎ ይጫወቱታል፣ ቀጥሎ ይሥሉታል። በአራተኛው ሳምንት ተራው የመምህርቷ ነው። ሆን ብላ ትሳሳታለች። «ኖኅም ዓሣዎቹን ሁሉ ወደ መርከቡ አስገባ» ስትል ክፍሉ በጩኸት ይናጋል። ለመልሱ ሁሉም እጅ ያወጣል፤ ስሙን በቅጡ መናገር የማይችለው ሳይቀር።

ከ6 እስከ 9 ያሉት ጥያቄያቸው አያልቅም። ዓምና አንዲት ልጅ፣ «ዮናስ ዓሣው ሆድ ውስጥ መብራት ነበረው?» አለች። መምህሩ፣ «መጽሐፉ ስለ መብራት አልነገረንም። ጨለማው ውስጥ ሆኖ ምን እንዳደረገ ግን ነግሮናል» አላትና ጸሎቱን አነበቡ። ከ10 እስከ 12 ያሉት መጽሐፉን ራሳቸው መግለጥ ይለምዳሉ። በስልክ ፈልጎ ማግኘትማ ሁሉም ያውቃል። እዚህ የወረቀቱን ይዘው ይምጡ፤ የቆየ ቢሆንም ችግር የለውም። ጌታችን በ12 ዓመቱ ቤተ መቅደስ ውስጥ በመምህራን መካከል ተቀምጦ ሲሰማና ሲጠይቅ እንደተገኘ ሉቃስ ጽፏል። መጠየቅ በዚህ ዕድሜ ያምራል።

የሚያሳስበኝ የጎረምሶቹና የኮረዶቹ ክፍል ነው። 14 ዓመት ሲሞላቸው ብዙዎቹ ከእኛ ይጠፋሉ። ጥፋቱ የእኛም ነው። በስድስት ዓመታቸው የሰሙትን ታሪክ በዚያው ድምፅ ስንደግምላቸው ከረምን። አሁን በሩ አጠገብ የተዘጋ ሣጥን አለ። ስም ሳይጽፉ ጥያቄ ይከትታሉ። ሣጥኑን በሞከርንበት ወቅት ከወጡት ጥያቄዎች አንዱ፣ «እግዚአብሔር ካለ አያቴ ለምን እንደዚያ ተሠቃየች?» ይላል። በቶሎ የሚመለስ ጥያቄ አይደለም፤ መምህራኑም በቶሎ አይመልሱትም። እባካችሁ «የእኔ ልጅ የትኛውን ጻፈ?» ብላችሁ አትጠይቁን። እኛም አናውቅም። ብናውቅም አንነግራችሁም።

የአዋቂዎች ክፍል ሁለት ነው። አንደኛው ከባዶ ለሚጀምሩ። «በዚህ ዕድሜዬ መጽሐፍ ቅዱስ አንብቤ አልጨረስኩም ማለት ያሳፍረኛል» ያለችኝ እናት አለች። በሐዋርያት ሥራ ከተጻፈለት ከኢትዮጵያ ንግሥት ህንደኬ ባለሟል የሚበልጥ ሹመት ያለን አይመስለኝም። በገንዘቧ ሁሉ ላይ የተሾመ ሰው ነበር። ፊልጶስ ሠረገላው ድረስ ቀርቦ ያነበብከው ይገባሃል ወይ ብሎ ሲጠይቀው፣ «የሚመራኝ ሳይኖር ይህ እንዴት ይቻለኛል?» አለ። አላፈረም። ሁለተኛው ክፍል ብዙ ለምናውቅ፣ ወይም ብዙ የምናውቅ ለሚመስለን ነው። በዚያው በሐዋርያት ሥራ እንደምናነበው፣ አጵሎስ መጻሕፍትን ጠንቅቆ የሚያውቅ አንደበተ ርቱዕ ሰው ነበር። ባልና ሚስቱ ጵርስቅላና አቂላ ግን ወደ ራሳቸው ወስደው የጎደለውን ሞሉለት። አልተቆጣም።

ለአረጋውያን ምድር ቤት ያለውን ክፍል ለይተናል፤ ደረጃ የለውም። መጽሐፉ በትልልቅ ፊደል የታተመ ነው፤ ማንበብ የማይችል ደግሞ ይነበብለታል። በወር አንድ ጊዜ ከ6 እስከ 9 ያሉት ልጆች ወደዚያ ወርደው ከአያቶች ጋር ይቀመጣሉ።

አንድ ስሕተታችንንም ልናገር። ዓምና ጥቅስ በቃሉ ለያዘ ልጅ ስቲከር እንሰጥ ነበር። ልጆቹ እንደ ስልክ ቁጥር አንበለበሉት። አንዱን ጥሩ አድርጎ ያለውን ልጅ «እረኛ ምን ማለት ነው?» ብዬ ብጠይቀው፣ ስቲከሩን እያየ ዝም አለኝ። ስቲከሩ ቀርቷል። ጥቅሱ አልቀረም፤ ቁጥሩ ግን ቀንሷል። በወር አንድ ብቻ ነው፣ እሱንም ልጁ በራሱ አነጋገር ያስረዳል።

ሥርዓቱን በአጭሩ። በእያንዳንዱ የልጆች ክፍል ሁልጊዜ ሁለት አዋቂዎች ይኖራሉ። አንድ ሰው ብቻ ከመጣ ክፍሉ አይከፈትም፤ ልጆቹ ከእናንተ ጋር ይቆያሉ። ያደረሰ ሰው ፈርሞ ቁጥር ይቀበላል፤ ልጁን የሚወስደውም ያንኑ ቁጥር የያዘ ነው። «ታላቅ እህቱ ትውሰደው» አይሠራም፤ እሷም ልጅ ናት። አለርጂ ወይም ሌላ የጤና ችግር ያለበት ልጅ ካለ በቅጹ ላይ ጻፉልን። ትኩሳት ያለው ልጅ በዚያ ቀን ቤት ይረፍ።

መምህራን ያስፈልጉናል። ነገረ መለኮት መማር አይጠበቅባችሁም። የምንፈልገው በሰዓቱ የሚመጣ፣ ልጅ ሲያወራ የሚሰማ ሰው ነው። ሥልጠናውን እኛ እንሰጣለን። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ከነባር መምህር ጋር ሆናችሁ ታያላችሁ፤ ካልሆነላችሁ ማንም አይቀየማችሁም።

ትምህርቱ በነፃ ነው። የምዝገባው ቅጽ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ተያይዟል፤ ሞልታችሁ በሚቀጥለው እሑድ በር ላይ ስጡኝ። በቅጹ ላይ «የተማሪው ስም» ከሚለው ሥር ሁለት መስመር ጨምረናል። እነሱ የእናንተ ናቸው።

ከአክብሮት ጋር፣
የሰንበት ትምህርት ቤቱ ኃላፊ