የብረት ቀለህን ቀለም አትፋቁት

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ክቡር አዘጋጅ፣

ባለፈው እትማችሁ የብረት ቀለህ (ባሩዱን የሚይዘው የጥይቱ ቱቦ) ስላላቸው ጥይቶች ያወጣችሁት ጽሑፍ ግማሹ ልክ ነው። መጨረሻው ላይ ለባለ ጠመንጃ የሰጠው ምክር ግን ሰው ያስጎዳልና በሚቀጥለው እትም ቢታረም መልካም ነው። «ቀለሙን በብርጭቆ ወረቀት ፍቁ፣ ጥይቱን ዘይት ቀቡና ካዝና ሙሉ» ይላል። ሁለቱም መደረግ የለባቸውም።

ከዘይቱ ልጀምር። ጥይት ሲተኮስ ቀለሁ በባሩዱ ግፊት ይነፋና ጎርሶ የተቀመጠበትን ክፍል ግድግዳ ቆንጥጦ ይይዛል (ይህን ክፍል ጓዳ እያልኩ እቀጥላለሁ)። ወደ ኋላ ከሚሄደው ግፊት ከፊሉን የሚሸከመው ይህ ቁንጥጫ ነው። ዘይት የጠጣ ቀለህ ይንሸራተታል፤ ሸክሙ በሙሉ መቀርቀሪያው ላይ ይወድቃል። በዚያ ላይ ቀጭን ዘይት ውሎ አድሮ ከቀለሁ ቂጥ ባለችውና ባሩዱን በምታቀጣጥለው ካፕሱል ዙሪያ ሰርጎ ይገባና ጥይቱን ያከሽፈዋል። ዘይት ለጠመንጃ ነው፤ ለጥይት አይደለም። ጓዳውም ቢሆን ለማኖር ሲባል ከተቀባ ከመተኮስ በፊት በደረቅ ጨርቅ መወልወል አለበት።

ቀለሙ ደግሞ ለጌጥ አልተቀባም። የቀለሁ ብረት ለስላሳና ስስ ነው፤ ከዝገት የሚጠብቀው ያ አረንጓዴ ወይም ግራጫ ሽፋን ብቻ ነው። በሐምሌ ጎንደር ውስጥ ሽፋኑ ተፍቆ የተቀመጠ ጥይት ብዙ ሳይቆይ ቀይ ዱቄት ያወጣል። ብርጭቆ ወረቀቱ የተወው ጭረትም ጓዳው ውስጥ ቀለሁን ይጎትተዋል።

ቀለሙ በሙቀት ቀልጦ ጓዳውን እንደ ማስቲካ ያጣብቃል የሚለው ወሬ የተነሳበት ምክንያት አለው። ብዙ ከተተኮሰ በኋላ ጓዳው ውስጥ የሚያጣብቅ ጥቁር ነገር ይገኛል፣ እውነት ነው። ጥቁሩ ነገር ግን ጥቀርሻ ነው። የተለመደው ቀለህ የሚሠራበት ናስ ከብረት ይልቅ ለስላሳና ተለጣጭ ነው፤ ግፊቱ ሲመጣ ወዲያው ተነፍቶ ጓዳውን ይደፍናል፣ ግፊቱ ሲወርድ ደግሞ ወደ ውስጥ ተመልሶ ግድግዳውን ይለቃል። ብረት በሁለቱም ይሰንፋል። ለመድፈን ስለሚዘገይ ጭሱ በጎንና በጎኑ ወደ ኋላ ያመልጣል፣ ጥቀርሻውንም እዚያው ይጥላል። ሲመለስም እንደ ናስ አይሰበሰብም። ስለዚህ የብረት ቀለህ በራሱ ጥፋተኛ ባይሆንም ጓዳውን ቶሎ ያቆሽሻል፣ ከቆሸሸ ጓዳ ሲወጣም ያንገራግራል።

ይህን ሁሉ ክላሽ ብዙም የማይሰማው ለምንድን ነው? ጥይቱን ያዩት እንደሆነ መልሱ እዚያው ነው። እ.ኤ.አ. በ1943 የተቀየሰው የክላሽ ጥይት፣ የ7.62 በ39፣ ቀለህ ከቂጡ 11.3 ሚሊ ሜትር ያህል ይሰፋና ትከሻው ላይ ሲደርስ 10 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናል፤ ሹል እንደተቀረጸ ካስማ ነው። ካስማ ጥቂት ወደ ኋላ ከተነቀነቀ ዙሪያውን ሁሉ ይለቃል። የክላሽ ካዝና የቀጥታ ሳይሆን የሙዝ ቅርጽ ያለውም ሾጣጣ ጥይቶች ሲደረደሩ ስለሚጎብጡ ነው። በዚህ ላይ ቀለሁን የምትስበው ጥፍር ሰፊ ናት፣ ፒስተኑም ጉልበት አለው። ሲሞኖቭም (ኤስ.ኬ.ኤስ. የሚባለው ጠመንጃ) የሚበላው ይህንኑ ጥይት ስለሆነ ለእርሱም የብረት ቀለህ የእናት ጡት ነው። እንደ ኤም-16 ያሉት የአሜሪካኖቹ ጠመንጃዎች የሚበሉት 5.56 ግን ከ9.6 ወደ 9 ሚሊ ሜትር ብቻ የሚጠብ፣ ቀጥ ያለ ቱቦ መሰል ቀለህ ነው። ዙሪያውን እየታከከ ነው የሚወጣው፤ ጥቀርሻ ካለ ይነክሳል። ጽሑፋችሁ ሁለቱን ጠመንጃዎች በአንድ ቋት መክተቱ ትልቁ ስሕተቱ ነው።

5.56 ላይ በተለይ የሚያስቸግረው መቀላቀል ነው። ካዝና ሙሉ የብረት ቀለህ ተተኩሶ ሳይወለወል ናስ ሲከተል፣ ናሱ በጥቀርሻው ላይ ተነፍቶ ይጣበቃል፣ ሰውም «ናሱ ነው የነከሰው» ይላል። ሌላው ደግሞ የጋለ ጓዳ ውስጥ ጥይት አጉርሶ መተው ነው፤ ጥቀርሻው ሲቀዘቅዝ ቀለሁን ይዞ ይደርቃል። ለቅሶ ላይ ተተኩሶ ጠመንጃው እንደጎረሰ ትከሻ ላይ ሲንጠለጠል የሚሆነው ይኸው ነው። (ወደ ሰማይ የተተኮሰ አረር ተመልሶ ሰው ላይ እንደሚወርድ ጋዜጣችሁ አንድ ቀን ለብቻው ቢጽፍበት አይከፋም።)

አሁን ወደ ዋናው ጠላት ልምጣ። ጠመንጃ የሚበላው የቀለሁ ብረትነት አይደለም፤ የካፕሱሉ ጨው ነው። በድሮ የሶቪየትና የምሥራቅ አውሮፓ የጦር ጥይቶች ካፕሱል ውስጥ ፖታሲየም ክሎሬት የሚባል ንጥረ ነገር አለ። ሲነድ ፖታሲየም ክሎራይድ ይሆናል፤ የወጥ ጨው ወንድም ነው። ይህ ጨው በአፈሙዙ ውስጥ፣ በፒስተኑና በጋዝ ቱቦው ላይ ይቀመጥና ከአየሩ እርጥበት እየሳበ ብረቱን ያዝገዋል። የናስ ቀለህ ያለው ጥይትም ይህ ካፕሱል ካለበት እኩል ያዝጋል። በበጋ ቀናት ሊታገስ ይችላል፤ በክረምት ግን አንድ ሌሊት ይበቃዋል።

ብዙ ሰው ይህን በላምባ አጠብኩት ይላል። ቁንጥር ጨው ላምባ ባለበት ብርጭቆ ውስጥ ጨምሮ ማማሰል ነው፤ ጨው እንዳለ ከታች ይቀመጣል። ዘይትም እንደዚሁ ከላይ ይሸፍነዋል እንጂ አያወጣውም። ጨው የሚሟሟው በውሃ ነው። ካዝናው ይነቀላል፣ መቀርቀሪያው ተስቦ ጓዳው ባዶ መሆኑ በዓይንም በጣትም ይረጋገጣል፣ ከዚያ ይፈታል። አንድ ሊትር ያህል የፈላ ውሃ በጥቂት ሳሙና ከጓዳው ወደ አፈሙዙ ይፈሳል። ያረጀ ጀበና አፉ ለዚህ የተሠራ ይመስላል፤ ግን የካፕሱልና የእርሳስ ዝቃጭ መርዝ ስለሆነ ወደ ቡና አይመለስም። ፒስተኑ፣ የጋዝ ቱቦውና የመቀርቀሪያው ፊት በዚያው ውሃ ይታሻሉ። ውሃው የፈላ መሆን ያለበት ብረቱ ግሎ ራሱን እንዲያደርቅ ነው። ጓዳው በወፍራም ብሩሽ እየተዞረ ይቦረሻል፤ የአፈሙዙ ብሩሽ ለጓዳው ይጠብበታልና አይነካውም። የአቡጀዴ ቁራጭ ንጹሕ ሆኖ እስኪወጣ ይወለወላል፣ ስስ ዘይት ይቀባል፣ በማግስቱ ጠዋት አንድ ቁራጭ ተጨምሮ ይታያል። ቡናማ ይዞ ከወጣ ጨው ቀርቷልና ውሃው ይደገማል። ውስጣቸው በክሮም የተለበጡ አፈሙዞች ጊዜ ይሰጣሉ፤ የዩጎዝላቪያው የሲሞኖቭ ዓይነት ግን ክሮም የለውም፣ አንድ ቀን እንኳ ሳይታጠብ ማሳደር አይገባም።

የቆዳ ዝናር ሌላው ጉዳይ ነው። ቆዳው የተለፋበት ነገርና የወገብ ላብ ናሱን አረንጓዴ ሻጋታ ያስወጡበታል፤ ብረቱን ደግሞ ቆዳው በሚያቅፈው መሐል ወገቡ ላይ እንደ ቀለበት ያዝጉታል። ጥይቱ ከዝናሩ ካልወጣ ቀለበቱ አይታይም። በጨርቅ ሲታሽ የሚለቅ ቀላል ዝገት ችግር የለውም። የጣት ጥፍር የሚይዘው ጉድጓድ ያወጣ፣ አረሩ በጣት የሚዞር፣ ወይም ካፕሱሉ አረንጓዴ ያወጣ ጥይት ግን መጎረስ የለበትም።

አፈሙዝ ይበላል ስለተባለው፣ የሚበላው ቀለሁ ሳይሆን አረሩ ነው። በርካሽ ጥይቶች የአረሩ ልባስ መዳብ በስሱ የተቀባ ብረት ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 አሜሪካ ውስጥ በ5.56 ጠመንጃዎች ላይ ለእያንዳንዱ 10,000 ጥይት ተመድቦ በተደረገና ውጤቱ በወጣ ሙከራ፣ እንዲህ ያለ ልባስ የተኮሱት አፈሙዞች ከግማሹ ብዙም ሳይርቁ አልቀው ነበር። እኛ ዘንድ በዕድሜው 5,000 ጥይት የሚተኩስ ገበሬ የለምና ይህ እንቅልፍ አይነሳም። መለየት የፈለገ ከተበላሸ ሬዲዮ ድምፅ ማጉያ የወጣ ማግኔት ይበቃዋል፤ ቢጫ ሆኖ ማግኔት የሚስበው ቀለህ ናስ የተቀባ ብረት ነው። ዓይን ብዙ ጊዜ ይሳሳታል።

ጽሑፋችሁ ያልነካው አንድ ነገር አለ፣ ቀለህ ሲነክስ ምን ይደረግ የሚለው። ጠመንጃውን አቁሞ የመቀርቀሪያውን እጀታ በእግር መርገጥ የተለመደ ነው፤ የረጋጩ አገጭ ከአፈሙዙ በላይ ይሆናል። መጀመሪያ አፈሙዙ ሰው ወደሌለበት ይዞራል፣ ካዝናው ይነቀላል። ምላጩ ተስቦ ያልተኮሰ ከሆነ ዘግይቶ ሊነድ ስለሚችል ቢያንስ 30 ሰከንድ ሳይነካ ይጠበቃል። የተቀረቀረው የተተኮሰ ባዶ ቀለህ መሆኑ በእርግጥ ከታወቀ የመወልወያው ዘንግ ከአፈሙዙ በኩል ገብቶ በእንጨት ቀስ ተብሎ ይመታል፣ ይወጣል። ያልተኮሰ ጥይት ከሆነ፣ ወይም ካልታወቀ፣ ዘንግ አይገባበትም፤ ወደ ጠመንጃ ሠሪ ይወሰዳል። ድምፁ ቀስ ብሎ «ጡፍ» ያለ ተኩስም አረሩ አፈሙዙ ውስጥ ቀርቶ ሊሆን ይችላልና ከጀርባው ሁለተኛ ጥይት አይላክበትም።

ከአክብሮት ጋር
አንባቢያችሁ፣ ከጎንደር