አጎትሽን አልደብቅም

ሐዋሳ

ውድ ልጄ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

«እማዬ፣ ሽማግሌዎቹ የሚመጡ ዕለት አጎቴ ሌላ ቤት ቢውልስ?» ብለሽ በስልክ ስትጠይቂኝ መልስ አልሰጠሁሽም። ሌሊቱን ሳወጣ ሳወርድ አደርኩ።

የፈራሽው ገብቶኛል። «በዘራቸው ያበደ አለ ወይ?» መባሉ አይቀርም። አንቺም በሆድሽ «እኔንስ ቢይዘኝ? የምወልደውንስ?» ሳትዪ አልቀረሽም። አንቺን ያረገዝኩ ጊዜ እኔም በዚሁ ሐሳብ ስንት ሌሊት አልቅሻለሁ።

ባዮሎጂ ሳስተምር ዘረመልን፣ ከወላጅ ወደ ልጅ የሚወረሰውን፣ የማስረዳው በአተር አበባ ነበር፤ አንድ ዘረመል ብቻውን የሚወስነው፣ ወይ ነጭ ወይ ሐምራዊ። የአጎትሽ ሕመም፣ ስኪዞፍሬንያ፣ እንደዚያ አይደለም። በ2022 እ.ኤ.አ. የታተመ ትልቅ ጥናት የ76,755 ሕሙማንንና የ243,649 ሌሎች ሰዎችን ዲኤንኤ አነጻጽሮ ከበሽታው ጋር የተያያዙ 287 የዘረመል ቦታዎችን አገኘ። እያንዳንዳቸው የሚጨምሩት ስጋት ኢምንት ነው፤ ጥቂት ጥቂቱን እኔም፣ አባትሽም፣ የእጮኛሽ እናትም ተሸክመናል። ስጋቱን በእጅጉ የሚያከብዱ ብርቅዬ ለውጦችም አሉ፤ ዲኤንኤያችን ከተጠቀለለባቸው ክሮሞሶሞች ከ22ኛው ላይ ቁራጭ መጉደል አንዱ ነው። ዘር ድርሻው ትልቅ ቢሆንም ብቻውን አይወስንም፤ ከአንድ እንቁላል የተገኙ መንትዮች እንኳ አንዱ ሲታመም ሌላው የሚታመመው ከግማሽ ባነሰው ጊዜ ነው። ከ100 ሰው 1 ያህሉ በዕድሜው ይህ ሕመም ያገኘዋል። አጎቱ ለታመመበት ሰው ከ100 ከ2 እስከ 4 ቢሆን ነው።

እስካሁን በብዛት የተመረመሩት የአውሮፓ ዝርያ ያላቸው ሰዎች መሆናቸው ያንገበግበኛል፤ የሰው ዲኤንኤ እንደ አፍሪካ የሚለያይበት ቦታ የለምና። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተሳተፈበት ኒውሮጋፕ የተባለው የዚሁ ዓይነት ጥናት በኢትዮጵያ፣ በኬንያ፣ በኡጋንዳና በደቡብ አፍሪካ የምራቅ ናሙና መሰብሰቡን ስሰማ እልል ልል ምንም አልቀረኝም።

አሁን ነግሬሽ የማላውቀውን ልንገርሽ። ለእኔ ሽማግሌ የገባ ዕለት አባቴ ወንድሜን ጓዳ አስሮት ነበር። ሃያ ዓመት አልሞላውም። ቡናውን እየቀዳሁ ሰንሰለቱ ሲንኳኳ ይሰማኛል፤ እንግዶቹ እንዳይሰሙ ሲኒ አንኳኳለሁ። ጠባሳው እስከ ዛሬ ቁርጭምጭሚቱ ላይ አለ። አባትሽ ከሠርጉ በኋላ ሲያውቅ «ለምን አልነገርሽኝም?» ብሎ ያዘነብኝ አይረሳኝም።

ትናንት ጠዋት ከአጎትሽ ጋር ወደ ሐይቁ ዳር፣ አሞራ ገደል ዓሣ ገበያ ወረድን። ዓሣ አጥማጆቹ በስሙ ይጠሩታል። አንድ እግሩን የሚያነክስ አባ ኮዳ፣ ያ ትልቁ ወፍ፣ አለ፤ አጎትሽ የዓሣ አንጀት ይወረውርለትና ሌሎቹ እንዳይቀሙት ክንዱን ዘርግቶ ይከልልለታል። ለእሱ ብቻ የሚሰሙት ድምፆች ሲመጡበት ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ ከዚያ ወደ ወፉ ይመለሳል። የወር መርፌውን አንድም ጊዜ አያስተጓጉልም።

እሑድ ከአባትሽ ጎን ይቀመጣል። ግራጫ ኮቱን አሳጥቤለታለሁ። ለእጮኛሽ ግን ከሽማግሌዎቹ በፊት አንቺው ንገሪው፤ ቁጥሮቹን ከፈለገ ይህን ደብዳቤ አሳዪው።

እናትሽ