አባዬ፣ ስለ ናቲ ጨዋታ የጠየቅከኝ

አባዬ እንዴት ነህ፣ ጉልበትህስ? ሄሉ ነግራኛለች፣ ገበያ ሄደህ መመለሻው ጠፍቶህ የሰፈር ልጅ ይዞህ እንደመጣ። እሷን አትቆጣት፣ ጨቅጭቄ ያናገርኳት እኔ ነኝ። ስኳርህ ወርዶ ይሆናል፣ ቁርስ ሳትበላ ውልቅ ማለት ትወዳለህ።

ባለፈው "ልጁ የሚጫወተው ገና ነው እንዴ?" ብለኸኝ መስመሩ ተቋረጠ። ገና አይደለም አባዬ፣ ቤዝቦል ነው። ዱላና ኳስ አለው ግን እንደናንተ ጥንጓን መሬት ለመሬት አይነዷትም፣ አንዱ ይወረውራል፣ ሌላው በዱላው በአየር ላይ ይመታትና ቤዝ የሚሏቸውን ምልክቶች እየረገጠ ሮጦ ወደተነሳበት ይመለሳል፣ በቃ። ናቲ ዘጠኝ ዓመት ሆኖት ሌላ ወሬ የለውም።

ትምህርት ሲዘጋ አስጨንቆን ኩፐርስታውን ወሰድነው፣ ኒው ዮርክ ግዛት ውስጥ ሐይቅ ዳር ያለች ትንሽዬ ከተማ ናት፣ ስድስት ሰዓት ያህል ነድተን። የቤዝቦሉ ሙዚየም እዛ ነው ያለው። ለምን እዛ መሰለህ፣ አብነር ደብልዴይ የሚባል በኋላ ጀነራል የሆነ ሰውዬ በፈረንጆቹ 1839 ጨዋታውን እዚች ከተማ ፈጠረው ተብሎ ነው፣ መቶኛ ዓመቱ ነው ብለው በ1939 ከፈቱት። ታሪኩ ግን ውሸት ነው። ሰውዬው በዛ ዓመት ዌስት ፖይንት የጦር ትምህርት ቤት ተማሪ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው፣ ቻድዊክ የሚባል እንግሊዝ አገር የተወለደ ጋዜጠኛ ጨዋታው ራውንደርስ ከሚባል የእንግሊዝ ልጆች ጨዋታ የመጣ ነው ይላል፣ ስፖልዲንግ የሚባለው የስፖርት ዕቃ ነጋዴ ደግሞ ይሄ አልዋጥ አለው፣ የኛው የአሜሪካ ካልሆነ ብሎ። በ1905 አጣሪ ኮሚቴ ተቋቋመ። ያኔ አብነር ግሬቭስ የሚባል የ71 ዓመት ሽማግሌ ደብልዴይ ሲፈጥረው እኔ ነበርኩ ብሎ ደብዳቤ ጻፈ። ኮሚቴውም በ1907 መጨረሻ ተቀበለው። ደብልዴይ ከሞተ 14 ዓመት አልፎታል፣ ማን ይጠይቀዋል።

ግሬቭስ በ1839 ስንት ዓመቱ ነበር መሰለህ? አምስት።

እዛ ሙዚየም ውስጥ ቆሜ ቀረሁ አባዬ። ናቲ እጄን ይጎትታል፣ በ1846 ሆቦከን የምትባል ከተማ ላይ ኒከርቦከር የሚባለው ክለብ ራሱ ባወጣው ሕግ ተጫውቶ 23 ለ 1 እንደተሸነፈ እየነገረኝ ይስቃል (ድሮ ሯጩን በኳስ መትተው ነበር የሚያስወጡት፣ እነሱ ናቸው የከለከሉት፣ ለናቲ ግን የድሮው ይሻላል)። እኔ ግን አንተ ነህ ትዝ ያልከኝ። እንግዳ በመጣ ቁጥር "እሷ እኮ ናት ከእትዬ ጋር ካልቀረሁ ብላ ያለቀሰችው" ስትል፣ እኔ አይደለም ስል "የአምስት ዓመት ልጅ ምን ታስታውሳለች" ብለህ ስታስቃቸው።

የማስታውሰው ያን ቡናማ ሻንጣና የአውቶቡሱን በር ነው። ኮትህን ጨብጬ ጣቶቼን አንድ በአንድ ስታላቅቅ። መስከረም ሲጠባ እመጣለሁ አልከኝ፣ እኔ ግን ደብረ ብርሃን እትዬ ጋር ሦስት ገና አሳለፍኩ። በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ ትላለህ አይደል፣ እኔ ግን ልጆቹ ገና ሲጫወቱ እያየሁ ስቆጣ ነው የኖርኩት።

ግን ደግሞ ግሬቭስም እንደኔው እርግጠኛ ነበር። እሱም ያየው ይመስለው ነበር መሰለኝ፣ አውቆ የዋሸ አይመስለኝም። ሙዚየሙ ውስጥ አንዲት የተቀዳደደች ኳስ አለች፣ በ1934 እዛው አቅራቢያ ካለ የገበሬ ቤት ከአሮጌ ሻንጣ ውስጥ ያገኟት፣ የደብልዴይ ናት ብለው በ5 ዶላር የተገዛች። ውሸት መሆኑ ታውቆም ኳሷ እዛው መስታወት ውስጥ ናት። ደግሞ በኋላ በ2004 ፒትስፊልድ የምትባል የማሳቹሴትስ ከተማ የ1791 ደንብ ተገኘ፣ ከአዲሱ የስብሰባ ቤት በ80 ያርድ ውስጥ ቤዝቦል እንዳይጫወቱ፣ መስኮቱ እንዳይሰበር ነው እንግዲህ። ደብልዴይ ሳይወለድ በፊት! እነሱ ወረቀት አላቸው። እኛ ቤት ወረቀት የለም አባዬ፣ እማዬ የለች፣ እትዬ የለች። የምታውቀው አንተ ብቻ ነህ፣ አሁን ደግሞ ሄሉ መንገዱ ጠፋው ትለኛለች።

ተናድጄ አይደለም። ምናልባት ብር አልነበረህም፣ ምናልባት እማዬ ያኔ ታማ ነበር። ምንም ይሁን እሰማለሁ። እኔው ራሴ አልቅሼ ቀርቼ ከሆነም ንገረኝ።

የስኳር መለኪያውን ከነስትሪፑ በሚመጣ ሰው ልኬልሃለሁ፣ መድኃኒቱንም፣ ናቲ ደግሞ አንዲት ኳሱን ጨምሮልሃል፣ ጠንካራ ስለሆነች ቤት ውስጥ እንዳትወረውራት። ይሄን ደብዳቤ ለሄሉ አትስጣት፣ መነጽርህን አድርገህ ራስህ አንብበው። ሐሙስ ጠዋት እደውላለሁ፣ ቁርስህን በልተህ ጠብቀኝ።

ልጅህ