ለእህቴ፣ ከለንደን

ይድረስ ለምወድሽ እህቴ፣

እንደምን ነሽ? እማዬስ፣ አባዬስ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

የሠርግሽን ቪዲዮ ልከሽልኝ ዝም በማለቴ እንደተቀየምሽኝ እማዬ ነገረችኝ። «ብሩን ላከ፣ በቃ፤ እኛን ረስቶናል» አልሽ አሉ። ይሄ ነገር አሞኛል። ቪዲዮውን ደጋግሜ አይቼዋለሁ። የቸገረኝ ምን ብዬ እንደምጽፍልሽ ነው።

ቅዳሜ ዕለት የእንግሊዝኛ አስተማሪያችን ክፍሉን ሁሉ ይዛን ወጣች። የደራሲው የቻርልስ ዲከንስን ሕይወት ከተማውን በእግር እያዞረች አሳየችን። መጀመሪያ የቆምነው ቻሪንግ ክሮስ ባቡር ጣቢያ አጠገብ ነው። በፈረንጆቹ 1824 ጣቢያው ገና አልተሠራም። ወንዙ ዳር አይጥ የሚርመሰመስበት ያረጀ የጫማ ቀለም ፋብሪካ ነበር። ዲከንስ በ12 ዓመቱ ትምህርቱን ትቶ እዚያ ተቀጠረ። የቀለሙን ዕቃ ይከድናል፣ በክር ያስራል፣ ወረቀት ይለጥፍበታል። በቀን 10 ሰዓት እየሠራ በሳምንት የሚያገኘው 6 ሺሊንግ ነው።

ከዚያ ቴምዝን ተሻግረን ሳውዝዋርክ ገባን። አባቱ በዕዳ የታሰረበት የማርሻልሲ እስር ቤት እዚያ ነበር። እናቱና ትንንሾቹ ልጆች አባትየውን ተከትለው እስር ቤት ገቡ። እሱ ግን ሠራተኛ ነውና ውጭ፣ ሰው ቤት ተከራይቶ ያድራል። በኋላ እዚያው አቅራቢያ ቤት ሲያገኝ ጠዋት ቁርሱን እስር ቤት ከቤተሰቡ ጋር በልቶ ወደ ሥራው ይሄድ ነበር። ዛሬ ከእስር ቤቱ የቀረው ረጅም የጡብ ግንብ ነው። ሰው በስልኩ እያወራ ያልፈዋል። አብራን የምትማር አንዲት ሴትዮ ግንቡን በእጇ ስትዳስስ አየሁና እኔም ዳሰስኩት።

አስተማሪያችን እዚያው ቆማ ስለ እህቱ ስለ ፋኒ አወራችን። እሱ ፋብሪካ ሲውል እሷ ሮያል የሙዚቃ አካዳሚ ትማር ነበር። ሽልማት ስትቀበል ሄዶ አያት። እንባውን መቆጣጠር አቃተው። ሲያድግ ይህን ሲጽፍ፣ ቅናት አልነበረም ብሏል።

እኔም ቪዲዮሽን ሳይ እንደዚያ ነው የሆንኩት። ቬሎሽን ለብሰሽ፣ እማዬ ግንባርሽን ስትስምሽ፣ አባዬ ሲመርቅሽ። እኔ መቆም ባለብኝ ቦታ የአጎታችን ልጅ ቆሟል። ደስ ብሎኝ አለቀስኩ። አለመኖሬም አስለቀሰኝ። ሁለቱን መለየት አቅቶኝ ነው ሳልጽፍልሽ የቆየሁት። ወረቀቴ ሳያልቅ ከዚህ ከወጣሁ መመለሻ የለኝም፤ ይህን አንቺም ታውቂዋለሽ። ብር መላክ ቀሎኝ እንዳይመስልሽ።

ዲከንስ ያንን ፋብሪካ ለሰው አያወራም ነበር። ታሪኩን ጽፎ የሰጠው ፎርስተር ለሚባል ጓደኛው ነው። ልጆቹ እንኳ የሰሙት በ1870 ከሞተ በኋላ ነው። አስተማሪያችን ይህን ስትነግረን ክፍሉ ሁሉ ጸጥ አለ። ከየአገሩ የመጣን ሰዎች ነን። ሁላችንም ቤት ስንደውል የምንናገረው አንድ ነው።

አንቺ ግን ስለ እኔ አታስቢ። ሥራዬ ቤት ውስጥ ነው፣ ብርድ አያገኘኝም። ሌሊት መሆኑ ነው እንጂ ከባድ አይደለም። ምግብም እበላለሁ።

ይልቅ ባልሽን አንድ ቀን አገናኚኝ። በቪዲዮው አንዴም ሲናገር አልሰማሁትም። አማቼን በድምፁ እንኳ አለማወቄ ደስ አይለኝም። እሑድ ከሰዓት እደውላለሁ፣ አጠገብሽ ይሁን።

የእማዬን የስኳር ምርመራ ውጤት ደግሞ አንቺ ጻፊልኝ። እሷን ስጠይቃት «ደህና ነኝ ልጄ» ብላ ወሬ ትቀይርብኛለች። ሐኪሙ ያለውን ሳትቀንሺ ንገሪኝ። መድኃኒቱ ከተወደደ ለብቻው እልካለሁ፤ ከቤት ወጪው ላይ እንዳትነኪ።

ወንድምሽ