ሻንጣችሁ ውስጥ ለአንድ መነጽር ቦታ አለ?

ኢንተርን እያለሁ ነው። ለአንዲት እናት የልጇን ካንሰር የነገርኳት ኮሪደር ላይ ቆሜ፣ በአንድ እጄ ቻርት ይዤ ነበር። ስልኬም ይጮኻል። አለማወቅ አልነበረም። በ2000 እ.ኤ.አ. የወጣውን፣ ስፓይክስ የሚባለውን የከባድ ዜና አነጋገር መመሪያ ስድስቱንም ደረጃ ለፈተና ሸምድጃለሁ። የመጀመሪያው ደረጃ እኮ ገለል ያለ ቦታ ፈልጎ መቀመጥ ነው! አገሬውማ ይህን ያለ ፈተና ያውቀዋል። መርዶ መንገድ ላይ አይነገርም፤ ጎህ ሲቀድ፣ ዘመድ ተሰብስቦ ነው።

መሸምደድና ማድረግ ለየቅል ናቸው። ስለዚህ አብረን የተመረቅን ሐኪሞች ለተማርንበት ትምህርት ቤት ትንሽ የቪአር ክፍል ልናቋቁም ተነስተናል፤ ቪአር ዓይን ላይ በሚጠለቅ መነጽር ሌላ ቦታ፣ ሌላ ሰው ሆኖ ማየት የሚያስችል ቴክኖሎጂ ነው።

አሜሪካ፣ ሜይን ውስጥ ባለው የኒው ኢንግላንድ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ተማሪዎች መነጽሩን አጥልቀው የ74 ዓመቱን የፈጠራ ታማሚ፣ አልፍሬድን ሆነዋል። የሚያዩት ነገር መሀሉ ይጠቁራል፤ የሚሰሙትም በቅጡ አይሰማም። የኛ ትዕይንት ግን ከኛው ዋርድ ነው። የሲ-ዋን (ዋርድ መግባት የጀመረው) ተማሪ መነጽሩን ሲያደርግ አልጋ ላይ የተኛው ታማሚ እሱ ነው። የጠዋት ራውንድ ይመጣል። ስምንት ነጭ ጋዋን ይከበዋል። ስለ እሱ በእንግሊዝኛ ያወራሉ። አንዱ ሳይጠይቅ ብርድ ልብሱን ይገልጣል። ከዚያ ይሄዳሉ። ምን አሉ? ማንም አልነገረውም።

በተዋስነው ካሜራ ቀርጸን ሞከርነው። አንድ ቀዶ ሐኪም ጓደኛችን መነጽሩን አውልቆ ዝም አለ። ዝም የሚል ሰው አይደለም።

መነጽር ክፉውን ሰው ደግ አያደርግም፤ እናውቃለን። ሳያስተውል የሚያልፈውን ግን ያስቆመዋል።

ቀጣዩ ትዕይንት የታማሚዋን ሕመም «ለእሷ እንዳትነግሯት» ከሚሉ ቤተሰቦች ጋር ነው፤ በአማርኛና በኦሮምኛ።

የሚያስፈልገን ስድስት መነጽር፣ አንድ ባለ 360 ዲግሪ ካሜራና የተዋንያን ክፍያ ነው። ሜታ ኩዌስት 2 የሚባለው መነጽር፣ ያገለገለም ቢሆን ይበቃናል። ቪዲዮው ከተጫነበት ኢንተርኔት አይጠይቅም፤ መብራት ቢጠፋም ሁለት ሰዓት ያህል ይሠራል። ዲሲ፣ ለንደን፣ ዱባይ ያላችሁ፣ ልጆቻችሁ ሰልችተው ጥግ የጣሉት ካለ ለሚመጣ ሰው ስጡልን። እዚህ ያላችሁ ከ500 ብር ጀምሮ ለየባቻችሁ ተጠሪ አስረክቡ፤ ደረሰኝ ይሰጣችኋል። ከመካከላችን ደሞዝ የሚወስድ የለም። ብር ያጠረው፣ ኦሮምኛ የሚናገርና ታማሚ ሆኖ መተወን የሚችል ካለም ይምጣልን።

ቀረጻው ጥር ላይ ነው። እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ ይድረሰን።